ከሬዲዮ እስከ ጎተራ፦ የሰማነውን ምክር መርምሮ ስለ መጠቀም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፦

በገጠር አጥቢያዎቻችን ሬዲዮ ዛሬም ከቤት የማይጠፋ መካሪ ነው። የአካባቢ ጣቢያዎች ስለ ዝናብ፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ተባይ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ሸማቾች መብት በቋንቋችን ያስተምራሉ። ምእመናንም የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ይወያዩበታል። ይሁን እንጂ መልካሙ ምክር እኩሌታው ብቻ ከተሰማ፣ ወይም ለሌላ አገር የተነገረው ለእኛ እንደ ተነገረ ከተወሰደ ጉዳት ያመጣል። ይህ ትምህርት የሰማነውን እንዴት መርምረን ወደ ሥራ እንደምናውለው ያሳያል።

ከአንድ አጥቢያ የተገኘ ትምህርት

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር በአንድ የወይና ደጋ አጥቢያ፣ ምእመናን ለአብነት ተማሪዎች የሰጡትን ስንዴ ነቀዝ ጀመረው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነቀዝን የሚገድል ክኒን እንዳለ በሬዲዮ ሰምቶ ከገበያ ገዛና በእህሉ መካከል ጨመረው። እህሉ የተቀመጠው ግን አራት ተማሪዎች በሚያድሩበት ጎጆ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ሁለቱ ልጆች ራስ ምታትና ማስመለስ ያዛቸው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽላቸው፣ ያንኑ ዝግጅት እስከ መጨረሻው የሰሙ አንዲት እናት «ሰው በሚያድርበት ቤት አይደረግም ብሏል እኮ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ዳኑ።

ሬዲዮው ትክክለኛውን ተናግሮ ነበር። ክኒኑን የገዛው ወንድምም የልጆቹን እንጀራ ለማዳን ነበር የደከመው። እኔም ከዚያ በፊት ጎጆውን ጎብኝቼ ነበር፤ እህልና ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውን ግን ልብ አላልሁም። ስለዚህ ትምህርቱ ለሁላችን ነው።

ስለ ክኒኑ ማወቅ የሚገባን

ይህ ክኒን አልሙኒየም ፎስፋይድ የተባለ ኬሚካል ነው። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ጋዙ ነው። ጋዙ በግድግዳና በወለል ስንጥቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት፣ በተማሪዎች ማደሪያና ከእነርሱ ጋር በተያያዘ ዕቃ ቤት ፈጽሞ አይግባ፤ ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሰዎቹን ወደ ነፋሻ ቦታ አውጥቶ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ፣ ክኒን መኖሩንም ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል።

ያለ መርዝ እህልን ማቆየት

ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን እህልን አከማችቶ በረኀቡ ዘመን ሕዝቡን እንደ መገበ እናውቃለን (ዘፍ. 41)። ለእኛም የሚሆን ቀላል መንገድ አለ።

መጀመሪያ እህሉ በሚገባ ይድረቅ። መድረቁን ለመፈተን ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ከድኖ መነቅነቅና ለ15 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ቀጥሎም አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ይጨመር። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮችና የውጪው ማዳበሪያ አየራቸው እየወጣ ለየብቻ ጠብቀው ይታሰሩ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ቶሎ ቶሎ አይከፈት። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አይጥ ከበሳው ጥቅሙ ይቀራልና።

ሦስት መመርመሪያ ጥያቄዎች

1. እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል ወይ? አንድ ሰው ብቻውን የሰማው ምክር ወዲያው አይፈጸም። ሁለት ሰዎች ሰምተው በደብተር ይጻፉት፤ ቀጥሎም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. ለአርሶ አደሮች የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመርም ለማመሳከር ተዘጋጅቶ የነበረ ነው።

2. ለእኛ የአየር ጠባይ የተነገረ ነው ወይ? በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አንድ የሬዲዮ ዝግጅት በሁለቱም ሊሰማ ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ቲማቲም ትከሉ የሚለው ምክር መስኖ ላለው ቆላ ይጠቅማል፤ በደጋው ግን ችግኙን ውርጭ ያቃጥለዋል። ለደጋው የቤተ ክርስቲያን ጓሮ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይሻላሉ።

3. በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብበናል ወይ? የዘር፣ የዘይትና የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። 03/2025 የሚል ጽሑፍ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ያበቃል፤ በእኛ አቈጣጠር ላነበበው ግን ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላል። ማሸጊያው ተከፍቶ በቁጥር ወይም በሚዛን የሚሸጥ ኬሚካል አይገዛ፤ ማስጠንቀቂያው ከማሸጊያው ጋር ቀርቷልና። በሰበካው ገንዘብ ለሚገዛ ነገር ሁሉ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት አቤት ለማለት ማስረጃው እርሱ ነው።

ለሰበካ ጉባኤ መወያያ

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እነዚህን ተነጋገሩባቸው፦
• የአጥቢያችን እህል የት ተቀምጧል? በዚያ ቤት ሰው ያድራል ወይ?
• በምእመናን ቤት የነቀዝ ክኒን አለ ወይ? ይህንን ማስጠንቀቂያ ከቅዳሴ በኋላ የሚያሰማ ማን ነው?
• የሬዲዮውን ዝግጅት የሚከታተሉትና የሚጽፉት ሁለት ሰዎች እነማን ይሁኑ? ከእናቶች መካከል ቢያንስ አንዷ ትመረጥ፤ እነዚያን ልጆች ያዳነቻቸው አንዲት የሰማች እናት ናትና።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን እስከ ስብሰባው ቀን አታቆዩት፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።