በደጋ ምድር በብስክሌት ወደ ሥራ፦ መንገዱ በኪሎ ሜትር ወይስ በጁል ይለካ?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠሮች አንድ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር በሚፈጀው ሰዓት ነው። ከተማ ለኖረ ሰው ይህ አለካክ ትክክለኛነት የጎደለው ሊመስለው ይችላል። የፊዚክስ ተማሪ ግን ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። በሰዓቱ ውስጥ አቀበቱም፣ ጭቃውም፣ ነፋሱም ተቆጥረው ገብተዋል፤ በኪሎ ሜትሩ ውስጥ ግን ከርዝመት በቀር ሌላ ነገር የለም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ከሚኖርበት ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ የተመደበ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ በብስክሌት መመላለስ ይችል እንደሆነ የሚወስነው ርዝመቱ ሳይሆን መንገዱ የሚጠይቀው ሥራ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የተለመደባቸው ከተሞች የሆኑት በሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ ስለተቆረቆሩ መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አምባ ላይ ለሚጓዝ ሰው ሂሳቡ ለብቻው መሠራት አለበት። ይህ ጽሑፍ ያንን ሂሳብ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ሦስቱ ተቃዋሚዎች

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ። ጉልበት በኒውተን፣ ኢነርጂ በጁል፣ ኃይል ደግሞ በዋት ይለካል። ጉልበት በተጓዙበት ርቀት ሲባዛ የተሠራውን ሥራ በጁል ይሰጣል፤ ጉልበት በፍጥነት ሲባዛ ደግሞ የሚያስፈልገውን ኃይል በዋት ይሰጣል።

ለምሳሌያችን 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው፣ 16 ኪሎ ግራም ብስክሌትና 4 ኪሎ ግራም ቦርሳ እንውሰድ። ድምሩ 85 ኪሎ ግራም፣ ክብደቱም ወደ 833 ኒውተን ይሆናል። ይህን ተጓዥ ሦስት ነገሮች ይቃወሙታል።

የመጀመሪያው የጎማው ሰበቃ ነው። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይጨፈለቃል፤ መሬቱም በጥቂቱ ይሰረጉዳል። በጥሩ አስፋልት ላይ ይህ ጉልበት የክብደቱ 0.6 በመቶ ያህል፣ ማለትም 5 ኒውተን ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ወደ 1.8 በመቶ ከፍ ሲል 15 ኒውተን ይደርሳል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ነው። ይህ ከአየሩ እፍግታ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነት ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ነው። ቀጥ ብሎ በተቀመጠ ተጓዥ ላይ፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር (በሰከንድ 5 ሜትር) ሲጓዝ፣ ተቃውሞው 6 ኒውተን ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን 25 ኒውተን ይደርሳል።

ሦስተኛው የመሬት ስበት ነው። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል አቀበት ላይ ስበት ወደ ኋላ የሚጎትተው በክብደቱ 5 በመቶ፣ ማለትም በ42 ኒውተን ነው። ከሦስቱ ማን ጌታ እንደሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሜዳው ምን ያህል ያስከፍላል?

ነፋስ በሌለበት ሜዳማ የጠጠር መንገድ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 21 ኒውተን ያስፈልጋል። በሰከንድ 5 ሜትር ሲባዛ ወደ 106 ዋት ይሆናል። ይህ ጤናማና የለመደ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያወጣው የሚችለው ኃይል ነው። 15 ኪሎ ሜትሩ በ50 ደቂቃ ያልቃል፤ የተሠራውም ሥራ ወደ 315 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት 1,300 ኪሎ ጁል ገደማ ያቃጥላል። ያንኑ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሚያወጣውም ኢነርጂ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ በሜዳ ላይ ብስክሌት ጊዜንም ጉልበትንም ይቆጥባል ማለት ነው።

የሳሳው አየር፦ በረከት ወይስ ዕዳ?

ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. 1972 የአንድ ሰዓት የብስክሌት ክብረ ወሰን ለመስበር የመረጠው ሜክሲኮ ሲቲን ነበር። ከተማዋ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። ታዲያ መንዝ ከሜክሲኮ ሲቲ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ የእኛ ተጓዥ ለምን አይበርም?

መልሱ በፍጥነቱ ውስጥ አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ ሰው ዋናው ተቃዋሚ አየር ነው፤ የአየሩ መሳሳት ብዙ ያተርፍለታል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር በጠጠር ላይ ለሚጓዝ ግን የ3,000 ሜትር ከፍታ የሚቀንስለት 2 ኒውተን ያህል፣ ማለትም ከአጠቃላዩ ተቃውሞ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ነው። በአንጻሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ለክብረ ወሰን ጋላቢ በረከት የሆነው አየር ለሥራ ተጓዥ ዕዳ ነው።

ዕዳው ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ የደጋ ነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንና የደም ኦክስጅን ሙሌት በቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። ከቆላ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ግን ሰውነቱ እስኪለምድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርቀቱንም ፍጥነቱንም ቀስ በቀስ ቢጨምር ይመረጣል።

ነፋስ የወሰደውን ሁሉ አይመልስም

አምባው ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ተጓዡ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ገጠመው እንበል። ለአየሩ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ተቃውሞ 25 ኒውተን፣ ድምሩ 40 ኒውተን ይሆናል። የቀድሞውን ፍጥነት ለመጠበቅ 200 ዋት ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ የአትሌት ሥራ ነው። በ106 ዋቱ ከቀጠለ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይወርድና 15 ኪሎ ሜትሩ 75 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ማታ ያው ነፋስ ከኋላው ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 24 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በ37 ደቂቃ ይገባል። ድምሩ 112 ደቂቃ ነው። ነፋስ ባይኖር ኖሮ ደርሶ መልሱ 100 ደቂቃ ነበር። ጠዋት 25 ደቂቃ የወሰደበት ነፋስ ማታ የመለሰለት 13 ደቂቃ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ተቃውሞው ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል፤ በተጨማሪም ተጓዡ በችግሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በምቾቱ ውስጥ ከሚቆይበት ይረዝማል። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይበረታ መነሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አቀበቱ

5 በመቶ በሚሆን የጠጠር አቀበት ላይ ስበቱና ሰበቃው ተደምረው 57 ኒውተን ይሆናሉ። በ106 ዋት የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት 6.6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከፈጣን እግረኛ ብዙም የማይበልጥ ነው። አቀበቱ 10 በመቶ ሲሆን ፍጥነቱ ከ4 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል፤ በዚህ ፍጥነት ሚዛን መጠበቅም ያስቸግራል። ማርሽ ያለው ብስክሌት በፔዳሉ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ያቀልላል፤ የሚያስፈልገውን ሥራ ግን በአንድ ጁል እንኳ አይቀንስም። ስለዚህ ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት የድካም ምልክት ሳይሆን ትክክለኛ ሂሳብ ነው። ጥቂት ረዝሞ ዳገቱን የሚዞር መንገድ ካለም ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

ቁልቁለቱ፦ ከሁሉም የከፋው

ከመንዝ አምባ ወደ ጀማና ገባሮቹ ሸለቆዎች የሚደረገው መውረድ ከ1,000 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። 1,000 ሜትር የወረደው ተጓዣችን 833 ኪሎ ጁል እምቅ ኢነርጂ ይለቅቃል። በዝግታ ከወረደ ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል በፍሬኑና በቸርኬው ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ሁለት ሊትር ተኩል ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ስለዚህ በየመሃሉ ቆሞ ፍሬኑን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

የማቆሚያው ርቀት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት ደረቅ በሆነ ሜዳ ላይ ፍሬኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 3 ሜትር ቢቀንስለት 17 ሜትር ተጉዞ ይቆማል። በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ስበት ከዚህ አቅም 1 ስለሚቀንስበት ርቀቱ 25 ሜትር ይሆናል። አሁን ዝናብ ዘነበና ቸርኬው ረጥቦ የፍሬኑ አቅም በግማሽ ቀነሰ እንበል። ከ1.5 ላይ 1 ሲቀነስ 0.5 ብቻ ይቀራል፤ የማቆሚያው ርቀትም 100 ሜትር ይሆናል! ፍሬኑ በግማሽ ሲደክም ርቀቱ አራት እጥፍ አደገ። የክረምት አደጋ ምንጩ ይህ ነው። ፍጥነቱን አስቀድሞ በግማሽ መቀነስ ግን ያንኑ ርቀት ወደ 25 ሜትር ይመልሰዋል።

ተማሪዎች ሊሞክሩት የሚችሉት

ሜዳማ መንገድ ይምረጡ። 50 ሜትሩን በ10 ሰከንድ የሚያልፉበትን ፍጥነት ይያዙና ፔዳል መምታቱን ያቁሙ፤ ብስክሌቱ እስኪቆም የተጓዘውን ርቀት ይለኩ። በምሳሌያችን መሠረት ርቀቱ በጠጠር ላይ 60 ሜትር፣ በአስፋልት ላይ 140 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የነበረውን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ (የመጠነ ቁሱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ አባዝተው የሚያገኙትን) ለርቀቱ ቢያካፍሉ አማካዩን የተቃውሞ ጉልበት ያገኛሉ። ከዚያም ጎማውን በደንብ ነፍተው ይድገሙት፤ ልዩነቱ ስንት ኒውተን እንደሆነ ይመዝግቡ። ነፋስ እንዳያሳስት በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ያስፈልጋል።

እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ሰው 15 ኪሎ ሜትር ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ ብሎ አይጠይቅም። ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ አቀበት፣ ነፋሱስ በየት በኩል ነው ብሎ ይጠይቃል። የአገሬው ሰው መንገዱን በሰዓት ሲለካ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።