የመኪና ሶፍትዌር እንዴት ይፈተሻል?

 

ከነቀምት ተነስተን ቁልቁለቱን ወደ አንገር ጉቲን ስንወርድ ሹፌሩን፣ ፍሬኑንና ጎማውን አምነን ነው። በአዳዲስ መኪኖች ግን ሌላም የምናምነው አለ፤ በውስጣቸው ባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነው ሶፍትዌር። ኤቢኤስ ፍሬንን፣ ኤርባግንና የሞተሩን ጉልበት የሚያዘው እሱ ነው። ስልካችን ቀጥ ቢል አጥፍተን እናበራዋለን፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ግን ይህን ጊዜ አይሰጠንም።

ስለዚህ ፍተሻው በደረጃ ይካሄዳል። መጀመሪያ እያንዳንዱ የኮድ ክፍል ለብቻው ይሞከራል፤ ቀጥሎ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ይሞከራሉ። ከዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞተሩን፣ ጎማውንና መንገዱን ያስመስልለታል። እዚህ ማንም ሳይጎዳ ሽቦ መበጠስ፣ ሴንሰርን ማሳሳት ይቻላል። በመጨረሻ መኪናው ራሱ በመሞከሪያ መንገድ ይነዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አይኤስኦ 26262 የተባለ መስፈርት የጥንቃቄውን መጠን ከኤ እስከ ዲ ይመድባል፤ ጥብቁ ዲ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል የሚመጣውን አገራችን በሐዘን አይታለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሲልክ፣ ሶፍትዌሩ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ይኸው ሶፍትዌር በነበረበት አደጋ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በኋላ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተስተካከለ።

የአሁን መኪኖች የነዳጅ ፔዳልም ሁለት ሴንሰር የሚኖረው ለዚሁ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

እንግዲህ ፈታሽ የሚጠይቀው «ይሠራል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ሲበላሽስ ምን ያደርጋል?» ብሎም ይጠይቃል። ነገ ከመካከላችን በፍተሻ ሰነድ ላይ የሚፈርሙ ይኖራሉ። ያልሞከሩትን «ተሞክሯል» ብሎ መፈረም አማናን ማጉደል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሰነዱን አይቶት የማያውቅ ተሳፋሪ ነው።

መልመጃ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አንድ ሴንሰር እንንቀል። የሆነውን ሳንደብቅ እንጻፍ፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ እንወያይበታለን።