ድንጋዩ የያዘው ፎስፌት

ጥያቄ፦ የኮራል አኳሪየሜ ፎስፌት በሊትር 0.4 ሚሊግራም ደርሷል። ውኃውን ብቀይርም በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ድንጋዩንም አልጌ ወርሶታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድንጋዩና አሸዋው ለወራት የመጠጡትን ፎስፌት መልሰው እየለቀቁት ይመስለኛል። ከምግቡ ይጀምሩ፤ ፎስፌት በብዛት የሚገባው በእሱ ነው። በረዶ የሆነ ምግብ ሲሰጡ የቀለጠውን ውኃ በማጥለያ ያፍስሱት። የሚጨምሩት ውኃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ይሁን። ከዚያ ፎስፌት የሚይዘውን የብረት ኦክሳይድ ጠጠር፣ አምራቹ ካዘዘው በግማሽ ያህል ያስገቡና በየሁለት ሦስት ቀኑ እየለኩ ይቀጥሉ። እባክዎ አይቸኩሉ! ፎስፌቱ በድንገት ከወረደ ኮራሎቹ ሊነጡና ሥጋቸው ከአጥንታቸው ሊላቀቅ ይችላል፤ ከአልጌው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ከ0.03 እስከ 0.1 ባለው መካከል ሲደርስ ይበቃል። ዜሮ ማድረስ ግን ኮራሉን ያስርባል፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ዝልግልግም ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ነው።