ርሃብን አትጠብቂ፣ ሰዓት ይዘሽ ብዪ

ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የኔ እናት። ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላው ወዲህ ያየሽ ሁሉ «ብዪ እንጂ!» ይልሻል። እኔም እላለሁ፤ እኔ ግን እንዴት እንደምትበዪም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ፣ ራስሽን «ቀበጥኩ» ማለት ተዪ። ከንቅለ ተከላው በፊት የወሰድሽው ከባድ ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ሁሉ ይመታል። ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የአፍሽንና የአንጀትሽን ስስ ሽፋን፣ ጣዕም የሚለዩትንም ሴሎች። ምግቡ ካርቶን ካርቶን፣ ሥጋው ብረት ብረት የሚልሽ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ላይ በጥቂት ወራት ይስተካከላል። እስከዚያ ሆድሽ «ራበኝ» እስኪል ከጠበቅሽ ትከሺያለሽ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየሦስት ሰዓቱ፣ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ። ግማሽ ስኒ አጥሚትም ምግብ ነው፤ ማንም እንዳይንቅብሽ።

ትንሽ ከሆነ ደግሞ ፍሬ ያለው ይሁን። አጥሚቱ በፈላ ወተት ይሠራ፣ ቅቤ ጣል ይደረግበት። ገንፎ፣ ላላ ያለ አልጫ ሹሮ፣ አስኳሉ እስኪጠነክር የተቀቀለ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ። ወተት ካስቀመጠሽ ለጊዜው ተዪው፤ አንጀትሽ እስኪያገግም ላይስማማሽ ይችላል። ውሃ በምግብ መሀል ሳይሆን በፊትና በኋላ ጠጪ፣ ቀድሞ ሆድሽን እንዳይሞላው። አፍሽ ቆስሎ ከሆነ በርበሬና ሎሚ ይቆዩ፤ የኮመጠጠ እንጀራም ያቃጥልሻል። ብረት ብረት ካለሽ በፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሪ፣ ምግቡንም ቀዝቀዝ ሲል ብዪ፤ ትኩስ ነገር ሽታው ይበረታል። ቁሌት ሲጣድማ ከወጥ ቤቱ ራቂ! ሌላ ሰው ያብስል፣ አንቺ ለመብላት ብቻ ነይ።

አሁን ልትቆጪኝ ነው። ክትፎ ለብለብ የለም። ጥሬ ሥጋ የለም። ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የወጣ እርጎና አይብ፣ ጥሬ ማር፣ ጠላ፣ ሁሉም ይቆዩ። የነጭ የደም ሴልሽ ቁጥር በ2 ወይም በ3 ሳምንት ቢነሣም፣ የሰውነትሽ መከላከያ ገና ጨቅላ ነው። ሴሉ የራስሽ ከሆነ ወራት ይፈልጋል፤ ከሌላ ሰው የተሰጠሽ ከሆነ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል።

ጉርሻም የለም፣ ሆዴ። የአክስትሽም ጭምር። «በሞቴ» ሲሉሽ ልብሽ እንደሚራራ አውቃለሁ፤ ግን ሳህንሽ ለብቻ ይሁን፣ ጥፋቱንም በሐኪሙ አሳብቢ። እሱ አይቀየምም። ቡና ሲፈላ ቄጠማው ይቅር፤ እርጥብ ሣርና አፈር ላይ ያለው ሻጋታ ለሳንባሽ አይበጅም። ዕጣኑም ጭሱ ነው የሚያስጠላሽ።

«ጾም ገባ» ብለሽም እንዳትጀምሪኝ። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላለት የንስሐ አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሙስሊም እህቴም፣ ረመዳን ለበሽተኛ ፈቃድ እንዳለው ታውቂያለሽ።

ጎረቤት ያመጣችልሽን ፌጦና ጥቁር አዝሙድ አመስግነሽ ተቀበይና ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትንኪው። በተለይ ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ የምትወስጂ ከሆነ ጠንቀቅ በይ፤ ግሬፕፍሩት እንኳ የመድኃኒቱን መጠን ደምሽ ውስጥ ከልክ በላይ ያንረዋል።

ወደ ድካሙ ልምጣ። ይኼ አንድ ሌሊት በደንብ ተኝተሽ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ ወራት ይቆያል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ዓመትም ይሞላል። ስንፍና የሚለው ካለ እኔ ጋ ላኪው። ግን ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ከዋልሽ ጉልበትሽ ይላሽቃል፣ ድካሙም ይብሳል። ስለዚህ እንደ ምግቡ፣ እርምጃውም በሰዓት ይሁን፦ ዛሬ ከአልጋ እስከ በረንዳ፣ ሰንበት ሲል እስከ አጥር በር። ቀን ከተኛሽ ከአንድ ሰዓት በታች፣ ያውም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ የሌሊቱን እንቅልፍ እንዳታጪ። ገላሽን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታጠቢ። ደግሞ አውቅሻለሁ፤ አንድ ቀን ቀለል ሲልሽ መጋረጃ ለማውረድ ትነሻለሽ። ተይ! ሁለት ቀን ተኝተሽ ትከፍያለሽ።

እንግዳ ሲመጣም አትነሺም። ጠያቂ በተራ ይግባ፣ እጁን ታጥቦ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅሽ። ይህን መናገር ካፈርሽ በቤቱ ላለው ኃይለኛ ሰው ስጪው፤ በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም።

ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ካጠረሽ ደምሽ ይታይ፤ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነም ሳታፍሪ ተናገሪ፤ ድብርትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እሱም ሕክምና አለው። በሳምንት አንዴ ተመዘኚና ጻፊው፤ ኪሎሽ እየወረደ ከሄደ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ትኩሳት ግን ከሁሉም ይቀድማል። 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጠሽ አትደብቂው፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ደውዪ። «ሌሊት ሰው አልረብሽም» የሚል ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ቁጥሩን ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊው፣ ቴርሞሜትሩንም ትራስሽ አጠገብ አድርጊው።