የምድር ሆድ እንዴት ይታወቃል?

ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው የሚያየው የምድርን ቆዳ ብቻ ነው። በሩሲያ አገር፣ ኮላ በተባለ ስፍራ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ እንኳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር እምብርት ግን ከ6,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ታዲያ በውስጧ ያለው በምን ይታወቃል?

አንዱ ዘዴ ማግኔት ነው። ማግኔት ብረት ይስባል። ምድርም ራሷ እንደ ትልቅ ማግኔት ናት። የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው ለዚህ ነው።

ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች የቀለጠ ብረት አለ። ብረቱ በእሳት ላይ እንዳለ ወጥ ይንተከተካል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘዋወራል። ሲዘዋወር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከኤሌክትሪኩም የማግኔት ኃይል ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ስዋርም የተባሉ ሦስት ሳተላይቶችን በሮኬት ላከ። እነዚህ መሣሪያዎች ምድርን እየዞሩ የማግኔቱን ኃይልና አቅጣጫ ይለካሉ። ልኩ ከዓመት ዓመት ሲለወጥ፣ ሊቃውንት የቀለጠው ብረት ወዴት እንደሚፈስ ያሰላሉ።

ይህ ምን ይጠቅመናል? የማግኔቱ ኃይል ከፀሐይ የሚወረወሩ ጎጂ ቅንጣቶችን የሚመክት ጋሻ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ግን ጋሻው ሳስቷል። በዚያ የሚያልፉ ሳተላይቶች መሣሪያቸው ሊበላሽ ይችላል። ጋሻው የት እንደሳሳ ያወቀ ሰው አስቀድሞ ይጠነቀቃል።

ጥያቄ፦
1. የምድር የማግኔት ኃይል ከምን ይመጣል?
2. ጋሻ የተባለው ለምንድን ነው?