የሰሊጥ መንገድን በልክ አሳንሶ ስለ መሥራት

አምሳያ ማለት ትልቁን ነገር መልኩንና ልኩን ሳያፋልሱ አሳንሶ መሥራት ነው። ልጅ ሲጫወት ከጭቃ ላምና ቤት ይሠራል፤ ላሚቱ ከቤቱ በልጣ ብትገኝም ግድ የለውም። አምሳያ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ክፍል ከሃያ አንድ እጅ ሆኖ ከተሠራ ሌላውም ሁሉ፥ በሩም መስኮቱም ደረጃውም በደረጃው ላይ የሚቀመጠውም ሰው፥ ከሃያ አንድ እጅ መሆን አለበት። ስለዚህ ይህ ሥራ የእጅ ሥራ ቢመስልም ዋናው ነገሩ ሒሳብ ነው። በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲታይ ለብዙ ተማሪዎች የሚከብደው የማካፈልና የማመዛዘን ትምህርት፥ በጣት ሲዳሰስ ይቀልላል።

ለዚሁ ትምህርት የሚመረጠው ነገር ሕፃናት የሚወዱት ቢሆን ይሻላል፤ ልጅ የማይወደውን ነገር ልክ አይጠብቅምና። በአገራችን ፀሐይ የምትባለው የቀጭኔ አሻንጉሊት በቴሌቪዥን ስትታይ ሕፃናት እንደሚሰበሰቡ ሁሉ፥ በአሜሪካም አገር ብዙ ትውልድ ያሳደገ ሰሰሚ ስትሪት የሚባል ትርኢት አለ። ትርጓሜው የሰሊጥ መንገድ ማለት ነው፤ ስሙም በዐሊ ባባ ተረት የዋሻውን በር ከሚያስከፍተው የሰሊጥ ቃል የመጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው)፥ ያቋቋሙት ወይዘሮ ጆአን ጋንዝ ኩኒና አቶ ሎይድ ሞሪሴት ናቸው። ሐሳባቸውም በድኽነት ምክንያት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ገና ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የሚቀሩትን ሕፃናት ፊደልና ቍጥር ለማስተማር ነበረ።

ትርኢቱ የሚደረግበት ስፍራ አምሳያ ሊሠራለት የተገባበት ምክንያት አለ። ለሕፃናት የሚታሰብ ስፍራ ሁሉ ቤተ መንግሥት ወይም የአስማት አገር መሆን አለበት የሚል ሰው ብዙ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ጆን ስቶን ግን በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሰፈር መንገድ ላይ የተነሣ አጭር ፊልም አይቶ፥ ስፍራው ተራ የከተማ መንገድ ይሁን አለ። ቻርልስ ሮዘን የተባለው የመድረክ ሠሪም ይህንኑ አቆመው። በውስጡ ቍጥሩ 123 የሆነ፥ ቡናማ ድንጋይ የለበሰ ፎቅ ቤት ከነደጅ ደረጃው፤ የሁፐር ሱቅ፤ የቆሻሻ መጣያ ቆርቆሮ፤ በአሮጌ በሮች የታጠረ ባዶ ቦታ ነበረበት። የድኻ ልጅ በየቀኑ የሚያየውን ደጃፍ በቴሌቪዥን አየው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም መንገዱ ብቻውን አልበቃም። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. ትርኢቱ በፊላዴልፊያ ከተማ በሕፃናት ፊት ሲፈተን፥ አሻንጉሊቶቹ ሲታዩ ልጆቹ ዐይናቸውን አይነቅሉም ነበር፤ በመንገዱ ላይ ሰዎች ብቻቸውን ሲነጋገሩ ግን ልባቸው ወዲያና ወዲህ ይባዝን ጀመር። አዋቂዎች አሻንጉሊትና እውነተኛ ሰው አይቀላቀሉ ብለው መክረው ነበርና። አዘጋጆቹ ምክሩን ትተው ቢግ በርድ የሚባለውን ትልቅ ቢጫ ወፍና በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚኖረውን ነጭናጫውን ኦስካርን በመንገዱ ላይ አኖሩ። አምሳያውንም የሚሠራ መምህር ይህን ያስታውስ፤ ቤቶቹን አሳምሮ ወፉን የተወ ሰው ልጆች አንድ ጊዜ አይተው የሚያልፉትን ነገር ይሠራል።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ። መንገዱ በኒው ዮርክ በስቱዲዮ ውስጥ የቆመ ስለ ሆነ መምህሩ ሜትር ይዞ ሊለካው አይችልም፤ በእጁ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። ያልታወቀውን ለማግኘት አንድ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም ወፉ ነው። የቢግ በርድ ቁመት 2 ሜትር ከ49 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ወፉ በበሩ አጠገብ የቆመበት ሥዕል ይፈለግና በክር ይለካ። ለምሳሌ ያህል በሥዕሉ ላይ ወፉ 15 ሴንቲ ሜትር፥ በሩ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ 249 በ12 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል 199 ገደማ ይሆናል፤ በሩ 2 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ለ20 ሲካፈል 10 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ወፉ ራሱ በአምሳያው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። መስኮቱም፥ የመብራት ምሰሶውም፥ የሱቁም መደርደሪያ በዚሁ መንገድ ይገኛል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፥ ወፉ አንገቱን የሚሰብርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በወፉ ልብስ ውስጥ ሆኖ የተጫወተው ካሮል ስፒኒ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ የወፉን ራስ ያንቀሳቅስ ነበር፤ እጁ ሲደክም ወይም ወፉ ሲያዝን አንገቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሥዕል ካልሆነ ልኩ ሐሰት ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ከዚህ ይከብዳል። ወፉ ከበሩ ርቆ ወደሚመለከተው ሰው ቀርቦ የቆመ እንደ ሆነ ከልኩ በላይ ትልቅ ይመስላል። በሩ ያው 12 ሴንቲ ሜትር ሳለ ወፉ 18 ሆኖ ቢታይ፥ በሩ 166 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጎልማሳ ሰው ጎንበስ ካላለ የማይገባበት በር ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ ራሳቸው ሠርተው ቢያዩት መልካም ነው፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው ይረሱታል። ማረጋገጫው የደጁ ደረጃ ነው፤ የሰው እግር በአገሩ ሁሉ አንድ ስለ ሆነ የአንዱ ደረጃ ከፍታ ከ18 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ በአምሳያውም 9 ሚሊ ሜትር ነው። በክር የተገኘው ከዚህ እጅግ ከራቀ ክሩ ተሳስቷል።

የሚሠራበት ዕቃ በየመንደሩ አይጠፋም። ግድግዳው ከካርቶን፥ ምሰሶው ከሸምበቆ፥ ማጣበቂያው ከስንዴ ዱቄት ይሆናል፤ ለቡናማው ድንጋይ ቀይ አፈር በጥብጦ መቀባት ነው። ለወፉ የዶሮ ክንፍ ላባ አይሁን፤ በሃያ እጅ ባነሰ ወፍ ላይ አንዱ ላባ እንደ ጋሻ ይሰፋል። ከዶሮዋ ደረት የሚገኘውን ስሱን ላባ በእርድ ውሃ ነክሮ ማድረቅ ይበቃል። ለኦስካር ቤት የቆርቆሮ ቁራጭ ይጠቀለላል፤ የሚቈርጠው ግን መምህሩ ይሁን።

ልጆች ቤቱን በአራት ግድግዳ ሊዘጉት ይፈልጋሉ፤ መከልከል ያስፈልጋል። እውነተኛው ስፍራ ጀርባ የለውም፤ ከፊቱ ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ ከኋላው እንጨትና ድጋፍ ነው። የኦስካርም ቆርቆሮ አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ከኋላው አለው። ስለዚህ የአምሳያው ጀርባ ክፍት ሆኖ ይቅር፤ ቀዳዳውም ይበሳ። በ2013 ዓ.ም. ሌጎ የተባለው የዴንማርክ ድርጅት ይህንኑ መንገድ በ1,367 የፕላስቲክ ቍርጥራጭ እንዲገጣጠም አድርጎ ለሽያጭ አቅርቦታል፤ ያማረ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ልኩን አስቀድሞ ሌላ ሰው ጨርሶታልና።

ከልክ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የዘመን ጥያቄ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። ኦስካር በመጀመሪያው ዓመት ብርቱካንማ ነበረ፤ አረንጓዴ የሆነው በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. መንገዱ በማዕዘኑ ዞሮ ሰፋ፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶም ተመለሰ። በ2008 ዓ.ም. የወፉ ጎጆ በዛፍ ላይ ሆነ። የሁለት ዘመን ነገር በአንድ አምሳያ ላይ ከተቀላቀለ፥ ልኩ ቢሰምርም ነገሩ ሐሰት ነው። ይህ ምርጫ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሱቁ በር ላይ ነው።

የሱቁ ባለቤት ሽርጥ የታጠቀ፥ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ አቶ ሁፐር ነበረ። ወፉ ስሙን ሁልጊዜ ያጣምምበታል፤ እርሱም ዘወትር ያርመዋል። አቶ ሁፐርን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ሊ ኅዳር 28 ቀን 1975 ዓ.ም. ሞተ። አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ሊተኩ፥ ወይም ሽማግሌው ወደ ሌላ አገር ሄደ ብለው ሊያልፉ ይችሉ ነበረ። የአገራችን ሽማግሌዎች መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፤ ማልደው ይሰበሰባሉ፤ ዘመድ በአጠገቡ ሳለ ይነግሩታል። ለሕፃን ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል ይባላል፤ ልጁም ደጅ ደጁን ሲያይ ይኖራል። አዘጋጆቹ የሕፃናትን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት አማክረው እውነቱን ለመናገር ቈረጡ። የመረጡትም ቀን ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው፤ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል ስለ ሆነ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋራ በቤት ይውላሉ።

በዚያ ቀን ወፉ የወዳጆቹን ሁሉ መልክ ሥሎ ለየአንዳንዳቸው ሰጠ፤ የአቶ ሁፐር ሥዕል በእጁ ቀረና ሽማግሌውን ፈለገ። ታላላቆቹ መሞቱን ነገሩት። ሲመለስ እሰጠዋለሁ አለ፤ የሞተ እንደማይመለስ አስረዱት። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ፥ እንዲሁ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡትም። ያለቀሱትም ሰዎች ማልቀሳቸውን አልሸሸጉም። በኋላ ወፉ ሥዕሉን በጎጆው አጠገብ ሰቀለው።

ስለዚህ አምሳያው የ1975 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሆነ ሽማግሌው በሱቁ በር ይቁም፤ ሥዕሉ በጎጆው ላይ አይኑር። ከ1976 ዓ.ም. በኋላ ከሆነ በሩ ባዶ ይሁን፤ ሥዕሉ ይሰቀል። ተማሪዎች ሽማግሌውንም ሥዕሉንም ይፈልጋሉ፤ ይህም አይሆንም። በምዝገባው መምህሩ ወላጁ የሞተበት ልጅ በክፍሉ እንዳለ ያውቅ እንደ ሆነ፥ ታሪኩን ከመናገሩ በፊት የልጁን ዘመድ ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ቢያማክር ይገባል፤ ልጁ ገና ያልተነገረው ሊሆን ይችላልና። ዘመኑን ግን ተማሪዎቹ ተነጋግረው ራሳቸው ይምረጡ። ሁለተኛውን የመረጡ እንደ ሆነ ደግሞ የሽማግሌውን ምስል ከበሩ ላይ የሚያነሣው መምህሩ አይሁን።

የሱቁ ስም በየትኛውም ዘመን አይለወጥም፤ ሱቁ ከሽማግሌው በኋላም የሁፐር ሱቅ ተብሎ ኖሯል። የሥዕሉ ልክ እንደ ሌላው ሁሉ በክር ይገኛል፤ በአምሳያው ላይ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ በቀጭን ብርዕ ይሣላል። የሚለጠፈው ቀለሙ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ማጣበቂያውም እስኪይዝ ድረስ አምሳያው ከቦታው አይንቀሳቀስ።