የማይሸጥ መሬት፦ ከጋሞ ደጋ የምንማረው

ወቅፍ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችን እናውቃለን። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባማከሩ ጊዜ፣ መሬቱ እንዲያዝና ፍሬው እንዲመጸወት መንገዱን አሳዩአቸው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም። ጥቅሙ ዛሬ ላሉት፣ መሬቱ ግን ወደፊት ለሚመጡትም ጭምር ነው።

ይህን የሚመስል ሥርዓት በሌላው ዓለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ በ1895 ደግሞ በእንግሊዝ መሬትን በአደራ የሚይዙ ማኅበራት ተቋቁመዋል። ዛሬ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙ ጊዜ ከገበሬው የሚገዙት ወይም በስጦታ የሚቀበሉት መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ ቤት የመሥራት መብቱን ነው። ገበሬው ማረሱንም ለልጁ ማውረሱንም ይቀጥላል። ሆኖም እርሱም ሆነ ወደፊት የሚገዛው ሰው መሬቱን ለቤት መሥሪያ ሊሸነሽነው አይችልም።

ይህ መንገድ እንዳለ ለእኛ አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ደንግጓል። ታዲያ የገጠሩን ገጠርነት ማን ይጠብቅ? መልሱ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

የደጋው ሥርዓት

በጨንቻ፣ በዶርዜና በቦንኬ ደጋዎች ከግል ማሳ ሌላ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ መሬት አለ። የወል ግጦሽ፣ የተከለሉ ጫካዎች፣ እንዲሁም ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚታረቅበት ዱቡሻ የሚባለው ሜዳ ከዚህ ይቆጠራሉ። በጉባኤ የሚሾሙ ሀላቃዎችና ሽማግሌዎች የማኅበረሰቡን ጉዳይ ያስፈጽማሉ። የተከለከለውን መጣስ ጎሜ ይባላል፤ መዘዙም ለአጥፊው ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ ይተርፋል ተብሎ ይፈራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የደጋው ኑሮ በእንሰት የቆመ ነው። እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ ከከብት፣ ከብት ከግጦሽ ነው። ግጦሹ ከታረሰ ጓሮው ይከሳል፤ ጓሮው ከከሳ ልጁ ቀዬውን ለቆ ከተማ ይገባል። ጫካውም ውኃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ይረዳል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነውና፣ የደጋው ጉዳይ የከተማዋም ጉዳይ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ከደረሰው ግድያ በኋላ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው መመለሳቸውን እናስታውሳለን። ያንን ያደረገው በዱቡሻ የሰፈነው ሥርዓት ነው። ሜዳው ከጠፋ ጉባኤው የት ይቀመጣል?

ጫካውና አምልኮው

አንዳንድ ወንድሞች፣ «በነዚህ ጫካዎች የባህል አምልኮ ይፈጸማል፤ ሙስሊም እንዴት ይደግፋቸዋል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አምልኮው የእኛ አይደለም። ነገር ግን ዛፍ ያለ አግባብ አለመቁረጥ፣ የጋራ ውኃና ግጦሽን ለአንድ ሰው አለመስጠት በሃይማኖታችንም የታወቀ ነው። ጎሜን የማይፈራ ትውልድ እየበዛ ነው። ፍርሃቱ ሄዶ በምትኩ ሕግ ካልተተካ፣ ወደ ጫካው የሚገባው ምሳር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የመሬት ሥልጣንም ወደ ገበሬ ማኅበራት ሄደ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ቢያውቅም፣ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ያለፈው የሚያስተምረን ግን፣ በልማድ ብቻ የተያዘና ወረቀት የሌለው የወል መሬት በቀላሉ «ባዶ ቦታ» ሊባል እንደሚችል ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ግጦሹ፣ ጫካውና ዱቡሻው ወሰናቸው ተለክቶ በማኅበረሰቡ ስም ይመዝገቡ፤ ደብተርም ይሰጥባቸው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች በቃል የያዙት ደንብ ይጻፍ፤ ወጣቱም እምነቱ ምንም ይሁን ምን በጥበቃው ይሳተፍ። ሦስተኛው የሚመለከተው እኛን ከተሜዎቹን ነው። ለመኖሪያ ቤት፣ ለመስጊድ ወይም ለመቃብር ቦታ ስንጠይቅ፣ የሚሰጠን ሜዳ የማን ከብት ይግጥበት እንደነበር አስቀድመን እንጠይቅ። የሌላውን የጋራ ሀቅ ወስደን በላዩ መልካም ሥራ መሥራት አይቻልም።

መሬት አማና ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።